ከ220 ወደ 12 ቮልት፦ 13003ን ትቼ ወደ ትንሹ ሞስፌት እንዴት እንደሄድኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ220 ቮልት መስመር በቀጥታ 12 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ ባክ ኮንቨርተር (ትራንዚስተርን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ቮልቴጅ የሚያወርድ ሰርኪት) ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ለኮሪደር መብራት ነው፤ ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰርና አንድ ሪሌይ። 100 ሚሊአምፒር ይበቃዋል፣ 1.2 ዋት መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ትራንስፎርመር ስለሌለው 12 ቮልቱ ከመስመሩ አልተለየም፣ ስለዚህ የመውጫ ሽቦውን መንካት ይገድላል። ሁሉም ነገር ዝግ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ስሞክር 60 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ አስገባለሁ፣ ግን አምፖሉ ዕቃውን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰውን አያድንም። ለስልክ ቻርጀር የሚሆን ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ቮልቴጁን አሰላሁ። 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲቃና ጫፉ 311 ነው። መስመሩ 10 በመቶ ከፍ ቢል ደግሞ 342 ይደርሳል። እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠረውን ምት ስለማውቀው 400 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር አላሳመነኝም። ከ600 በታች አልወርድም ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ ኤልቲስፓይስ የሚባለውን የሰርኪት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ከፈትኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ሊሳሳት ይችላል ብዬ የማስበው ነገር ገጠመኝ። ሰርኪቱን ለመሞከር ብቻ 2ኤን3904 አስገብቼ ነበር፣ ዳታሺቱ (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) ላይ 40 ቮልት የሚለውን ትንሽ ትራንዚስተር ማለት ነው። ሲሙሌሽኑ በ340 ቮልት ምንም ሳይል አለቀ። ግራፉም ንጹህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተጠቀምኩት ሞዴል ትራንዚስተሩ በስንት ቮልት እንደሚፈነዳ የሚናገር ነገር የለበትም። ሲሙሌተሩ ዕቃ አያቃጥልም። የቮልቴጅ ምርጫ ከዳታሺት ነው የሚመጣው፣ ሲሙሌሽኑ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው።

በእጄ የነበረው ትራንዚስተር ኤምጄኢ13003 ነው፣ ባጭሩ 13003። ከተቃጠሉ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ነቅዬ ያስቀመጥኳቸው አሉኝ። 700 ቮልት የሚል ቁጥር ይዟል፣ ግን ያ ቤዙ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ወደ ኔጌቲቭ ተስቦ ሲዘጋ ነው፤ ቤዙ ከምንም ሳይገናኝ ከተተወ 400 ብቻ ነው። እሱን ቤዙን በሚነዳው ሰርኪት አስተካክላለሁ ብዬ ቀጠልኩ። 13003ን የጣለው ግን ቮልቴጅ ሳይሆን ጊዜ ነው።

እዩት። በባክ ኮንቨርተር ትራንዚስተሩ ክፍት የሚሆንበት፣ ማለትም ከረንት የሚያሳልፍበት የጊዜ ድርሻ የመውጫው ቮልቴጅ ለመግቢያው ሲካፈል ነው፤ 12ን ለ311 ስናካፍል 4 በመቶ አይሞላም። በ60 ኪሎኸርዝ አንድ ዙር 16.7 ማይክሮሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ትራንዚስተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው 0.64 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። የ13003 ስቶሬጅ ታይም ግን፣ ማለትም ቤዙን ከዘጋነው በኋላ ውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ ወጥቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ ዳታሺቱ እስከ 4 ማይክሮሰከንድ ይፈቅድለታል። ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቤዙ ትእዛዝ 0.64 ላይ ይወድቃል፣ የኮሌክተሩ ከረንት ግን እንዳልሰማ ሽቅብ መውጣቱን ይቀጥላል። የኔ ኢንደክተር (ከረንቱን የሚያለሰልሰው ጥቅል ሽቦ) 1 ሚሊሄንሪ ስለሆነ ከረንቱ በየማይክሮሰከንዱ 0.3 አምፒር ይጨምራል። 0.19 ላይ መቆም የነበረበት 2 ማይክሮሰከንድ አካባቢ 0.6 አምፒር ደርሶ ነው የተቆረጠው።

«ታዲያ የስልክ ቻርጀሮች በ13003 ይሠሩ የለ?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ይሠራሉ። እነሱ ግን ትራንስፎርመር አላቸው፣ የትራንስፎርመሩ የጥቅል ዙር ሬሾ ቮልቴጁን ስለሚያወርድላቸው ትራንዚስተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን ይችላል። እኔ ጋ ያ የለም። ፍሪኩዌንሲውን ወደ 20 ኪሎኸርዝ ባወርደው 1.9 ማይክሮሰከንድ አገኛለሁ፣ ያውም ኢንደክተሩን በሦስት እጥፍ አሳድጌ። አልተዋጠልኝም፣ ተውኩት።

ወደ ሞስፌት (በቮልቴጅ ወደሚታዘዝ፣ ስቶሬጅ ታይም ወደሌለው ትራንዚስተር) ስሄድ ደግሞ «ትልቁ ይሻላል» የሚለው ልማድ ያዘኝና አይአርኤፍ840 አስገባሁ። 600 ያልኩትን ትቼ ነው፣ እሱ 500 ነው፤ በእጄ ስለነበር ለማወዳደር ያህል። ክፍት ሲሆን 0.85 ኦም፣ 8 አምፒር። ከጎኑ 2ኤን60 ሞከርኩ። እሱ 600 ቮልት፣ 2 አምፒር፣ 5 ኦም ገደማ ነው። ወረቀት ላይ 5 ኦም ያስፈራል። ግን ትራንዚስተሩ ከ100 ማይክሮሰከንድ 4ቱን ብቻ ነው ከረንት የሚሸከመው፤ ስናሰላው በ5 ኦሙ ላይ የሚጠፋው 3 ሚሊዋት እንኳ አይሞላም።

ኃይል የሚበላው ሌላ ቦታ ነው። ሞስፌቱ በተከፈተ ቁጥር የራሱ የመውጫ ካፓሲታንስ የያዘውን ቻርጅ ውስጡ ያቃጥላል፣ በሰከንድ 60 ሺህ ጊዜ። የ840ው በ25 ቮልት 310 ፒኮፋራድ ነው፣ የ2ኤን60 ደግሞ 40 አካባቢ። ሲሙሌሽኑ ላይ የመጀመሪያው ወደ 0.35 ዋት አጠፋ፣ ሁለተኛው 0.05 ገደማ። ለ1.2 ዋት ኮንቨርተር 0.35 ዋት ብዙ ነው! ቫይፐር22ኤ የሚባለው ለዚሁ ሥራ የሚውል ቺፕ ውስጡ ያለው ሞስፌት 730 ቮልት ችሎ 15 ኦም አካባቢ መሆኑን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባየው ኖሮ ደካማ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ትራንዚስተሩ ሲዘጋ የኢንደክተሩን ከረንት የሚያሳልፈውን ዳዮድም በደንብ እዩ። 1ኤን4007 ቮልቴጁን ይችላል፣ ግን ለመዘጋት ቀርፋፋ ነው። ዩኤፍ4007 በ75 ናኖሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ዝም ብሎ ባዶ ዳዮድ ከተጠቀማችሁ ይህ ልዩነት በፍጹም አይታይም።

አሁን የቀረኝ የጌት ድራይቭ፣ ማለትም የሞስፌቱን መቆጣጠሪያ እግር (ጌት) የሚያዘው ሰርኪት ነው። ሲሙሌሽን ላይ በጌትና በሶርስ መሃል ተንሳፋፊ የቮልቴጅ ምንጭ አስቀምጬ አልፌዋለሁ፣ ቦርድ ላይ ግን እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ወይ ቡትስትራፕ (ለጌቱ ኃይል ከሚሞላ ካፓሲተር የሚሰጥ ሰርኪት) እሠራለሁ፣ ወይ ሁሉን በውስጡ የያዘውን ቫይፐር እወስዳለሁ። ቡትስትራፕ በዚህ ቮልቴጅ የሠራ ካለ፣ ኮንቨርተሩ ገና ሲነሳ ካፓሲተሩን እንዴት እንደሞላው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።