ዳገት ላይ የሚጎትተው ክብደት ነው

ጅማ ሐዲድ የለም። በክረምት ግን ቡና ሊጭን የሚወጣ ባዶ አይሱዙ ጭቃ ላይ ጎማው በከንቱ ሲሽከረከር ያየ ሰው የከባድ ዕቃ ባቡርን ዋና ችግር አይቷል። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ የኋላ ጎማውን የሚጫን ነገር ነው የጠፋው። ረዳቱ «ከኋላ ውጡበት!» እያለ ሰዉን የሚሰበስበው ለዚሁ ነው።

ብረት በብረት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎቹን ስለሚጎትተው ባለ ሞተር ክፍል፣ ሲወራ ሁሉም የፈረስ ጉልበቱን ይጠይቃል፤ ለዳገት ግን ክብደቱን መጠየቅ ይሻላል። ስድስት አክሰል (የጎማ ዘንግ) ያለው፣ በአክሰል 32 ቶን የሚያርፍበት ሎኮሞቲቭ 192 ቶን ነው። ደረቅ ሐዲድና የጎማ መንሸራተትን የሚከላከል ጥሩ መቆጣጠሪያ ካለ የዚህን 35 በመቶ ያህል፣ ማለትም 67 ቶን ገደማ የስበት ጉልበት ይሰጣል። በ100 ሜትር 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት እያንዳንዱ የባቡሩ ቶን 10 ኪሎ ስበት ለዳገቱ፣ 2 ኪሎ ገደማ ለመንከባለሉ ይፈልጋል። 67,000ን ለ12 ሲያካፍሉት ሎኮሞቲቩን ጨምሮ 5,600 ቶን ያህል ይወጣል። ዳገቱ 2 ሜትር ከሆነ ወደ 3,000 ይወርዳል። የ4,400 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይህን ሙሉ ስበት የሚሰጠው እስከ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ፍጥነት ሲጨምር ስበቱ ይቀንሳል።

የናፍጣ ሞተሩ የብረት ጎማውን አያዞርም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን አልተርኔተር ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩ በየአክሰሉ ወዳለው ሞተር ይሄዳል። ካምቢዮ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ።

ከዶፍ ይልቅ ካፊያ ነው የሚያስቸግረው፤ ዶፍ ሐዲዱን ያጥባል፣ ካፊያ ግን አቧራና ዘይቱን ያላቁጠዋል። መድኃኒቱ አሸዋ ነው፤ የደረቀና የተነፋ። እርጥብ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። የቱቦው አፍ ጎማውና ሐዲዱ ከሚገናኙበት ትንሽ ከዞረ አሸዋው ጠጠሩ ላይ ይፈስሳል፣ ሹፌሩም የረጨ ይመስለዋል።

የድሮው ዲሲ (በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) የአክሰል ሞተር ሌላ ጣጣ አለበት። ባቡሩ ዳገት ላይ ቆሞ ከባድ ኤሌክትሪክ ከተሰጠው፣ በማይዞረው ሮተር (የሞተሩ የሚሽከረከር ክፍል) ላይ ያለው ኮሙቴተር፣ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የመዳብ ቀለበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ብሩሾች በነኩት ቦታ ላይ ይቃጠላል። በዝግታ ሲጎትትም የደቂቃ ገደብ አለው። ኤሲ (በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሞተር ኮሙቴተር ስለሌለው ይህን በብዙ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጊቤ በረሃን የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬኑ እንዳይግል በሞተር እንደሚይዘው፣ ሎኮሞቲቩም የአክሰል ሞተሮቹን ጀነሬተር ያደርጋቸዋል። የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ በማቃጠያ ሽቦዎች ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ማራገቢያም ያበርደዋል። ማራገቢያው ከቆመ ሽቦው እንዳይቃጠል ይህ ፍሬን ይቋረጣል፤ ያኔ ጭነቱ ሁሉ በፉርጎዎቹ የአየር ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ የሞተር ፍሬን የሚሞከረው ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ገና ሜዳው ላይ እያሉ ነው።