ደመናው ሲገፈፍ፦ የእንቁጣጣሽ መልእክት

ወዳጆቻችን፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

መስከረም ሲጠባ ከሳተላይት ምስል ጋር ውሎ ለሚያድር ባለሙያ ደስታው እጥፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴን በሙሉ ሳተላይቱ ደጋውን ባለፈ ቁጥር የሚያመጣው ነጭ ደመና ብቻ ነው። ካሜራው እንደ ዓይናችን በፀሐይ ብርሃን ስለሚያይ ደመናን አያልፍም። ጤፉ የሚዘራው፣ የሚበቅለውና የሚታረመው ደግሞ በዚያው ወቅት ነው፤ ክትትል እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ካሜራው ይታወራል። እንደ አውሮፓው ሴንቲኔል-1 ያሉ የራዳር ሳተላይቶች ደመናውን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ሆኖም የሚለኩት የመሬቱን ሸካራነትና እርጥበት እንጂ ቀለሙን አይደለም፣ ገደላማ አገር ላይም ተራራውን ወደ ሳተላይቱ አጋድለው ያሳያሉ። ስለዚህ አደይ ሲፈነዳ እኛም ሰማዩን ቀና ብለን እናያለን። ጠራ ማለት ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትመጥቅ ብዙ ሰው ያስታውሳል። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ ከፍታዋ 628 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ታናሿ ተከተለቻት። ስለ መምጠቁ ብዙ ተብሏል፤ በደንብ ያልተነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዚያ ከፍታ ያለች ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር 97 ደቂቃ ይፈጅባታል፣ በቀን 15 ዙር ያህል መሆኑ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው አንቴና ግን የሚያገኛት በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በአንድ ማለፊያም ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ትእዛዙ የሚላከው፣ ምስሉም የሚወርደው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ያቺ ማለፊያ በመብራት መቋረጥ ወይም በአንቴናው ብልሽት ካመለጠች ቀጣዩን መጠበቅ ግድ ይላል፤ እስከዚያ ደመናው ተመልሶ ሊከድን ይችላል።

የምስሉን አቅም በጥማድ ብንለካው ይገባናል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነውና 50 በ50 ሜትር እንበል። የኢቲአርኤስኤስ-1 አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ካሬ፣ መሬት ላይ ጎኑ 13.7 ሜትር ነበር። ማሳው ላይ 13 ያህል ፒክስል ያርፋል ማለት ነው፤ ነገር ግን ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ከጎረቤት ማሳ፣ ከአጥርና ከመንገድ ጋር ይቀላቀላሉ። ንጹሕ ሆነው የሚቀሩት ቢበዛ ዘጠኝ፣ ብዙ ጊዜም አራት ወይም ስድስት ናቸው። እንዲህ ያለ ምስል ለወረዳ፣ ለደን፣ ለሐይቅ ይሆናል። የአንድን ገበሬ ጥማድ ከዚህ ለይቶ «ምርትህ ይህን ያህል ነው» ማለት ግን ድፍረት ነው።

ሰብሉ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ከሁለት ብርሃኖች ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ በብዛት ይመልሳል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው እናካፍላለን። የተመለሰው ኢንፍራሬድ 0.45፣ ቀዩ 0.05 ከሆነ ውጤቱ 0.8 ነው፣ የለመለመ ማሳ። 0.30 እና 0.15 ከሆነ 0.33 ይመጣል፤ ቅጠሉ ሳስቷል ወይም ውኃ ጠምቶታል። እዚህ ላይ ወቅቱ የሚያመጣው ወጥመድ አለ፦ ኑግ ነው። ኑግ ሲያብብ ማሳው ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫ አበባ ደግሞ ቀይ ብርሃንን ይመልሳል። ቁጥሩ በድንገት ይወርድና ያማረው ማሳ በሽታ የመታው ይመስላል። አገሩን የማያውቅ ተንታኝ ከቢሮው ሆኖ «ጉዳት ደርሷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አረሙም ቢሆን አረንጓዴ ነው፤ በአረም የተዋጠ ጤፍ በዚህ ስሌት ጥሩ ውጤት ያገኛል።

ጣናም ያው ነው። ውኃ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ሐይቁ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እንቦጭ ሲንሳፈፍበት ደምቆ ያበራል። እንደዚህ ቀላል ሆኖ ግን አያበቃም። በምሥራቁ ዳርቻ ደንገሉ አለ፣ ውኃ ያቆረው የፎገራ ሩዝም አለ፤ ሦስቱም እርጥብ መሬት ላይ ያሉ ብሩህ አረንጓዴዎች ናቸው። ለመለየት በተለያዩ ሳምንታት የተነሡ ምስሎችን ማነጻጸር ያስፈልጋል፦ ሩዙ ደርሶ ይታጨዳል፣ ደንገሉ ባለበት ይቆያል፣ እንቦጩ ግን በነፋስ ይሄዳል። ያለፈው ሳምንት ምስል ይዞ ለነቀላ የወጣ ጀልባ ባዶ ውኃ የሚያገኘውም ለዚህ ነው። ምስሉ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አረም ነቃዩ እጅ ካልገባ የታሪክ ሰነድ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

ስለዚህ ለበዓሉ ወደ ገጠር የምትወርዱ ሁሉ አንድ ስጦታ አምጡልን፦ የመሬት ማረጋገጫ ነጥብ፣ ማለትም ከምስሉ ጋር እንድናነጻጽረው ቦታው ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ ያያችሁት። ባለማሳውን አስፈቅዱ። ሰፋ ያለ፣ አንድ ዓይነት ሰብል ያለበት ማሳ ምረጡና ከወሰኑ ቢያንስ 20 ሜትር ገብታችሁ ቁሙ። የስልካችሁ ጂፒኤስ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዛፍ ሥር ከሆናችሁ ይሳሳታል። የሰብሉን ስም፣ ቀኑን፣ አብቦ እንደሆነና አረም እንዳለበት ጻፉ፤ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። የገበሬውን ስም አትጻፉ፣ አያስፈልግም። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያላችሁ ደግሞ የሴንቲኔል-2ን ባለ 10 ሜትር ምስል በነጻ አውርዳችሁ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ የዚህን ወር መልክ ማየት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ግን የዓመታት ምስል ሊሆን ይችላልና ቀኑን ሳታዩ አትመኑት።

መልካም እንቁጣጣሽ! ኑጉ ሲያብብ ያያችሁትን ቀን እንዳትረሱብን።