ካሴቱ ሽሽሽ ነው የሚለው፣ ይሄ እምምም ነው

ደሴ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ስዘረጋ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከደንበኛ ጋር የተባባልኩት አብዛኛው ተረስቶኛል። አንድ ንግግር ግን እስካሁን ያበሳጨኛል። የተናገረው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ጡረታ ለወጡ አስተማሪ፣ በገዛ ሳሎናቸው ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ምናልባት ጆሮዎ ደክሞ ይሆናል» አላቸው።

ጋሼ ካሴት ሰብሳቢ ናቸው። አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ፣ በእናታቸው ወገን የመጣ መንዙማ፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠውታል። ኮምፒውተሩ ያለው ኋላ በተቀጠለው ክፍል ነው። አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ያሉት ደግሞ ሳሎን ነው። መሀል ላይ ያለው ግድግዳ ወፍራም የድሮ ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋዩ ሳሎን ሲደርስ ይደክማል፤ ዘፈኑ ይቆራረጣል። ውጭ ያለው ልጃቸው ይህን ሰምቶ አንድ ስትሪመር ላከላቸው። ዘፈኑን ከኮምፒውተሩ እየሳበ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ዕቃ ነው። ገመዱንም አብሮ ላከ። ካት 8 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ነው፤ ወፍራም፣ ሽቦዎቹን የሚሸፍን ብረት (ሺልድ) ያለው፣ ላዩ በጨርቅ የተጎነጎነ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ። የዘረጋው ባልደረባዬ ነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ «ድምፁ ልክ አይደለም» ብለው ደወሉ። እኔም በዚያው ሰፈር ሥራ ስለነበረኝ አብሬው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ደረስን። ንግግሩ እንዲህ ሄደ።

«ልጄ፣ ከዘፈኑ ሥር አንድ የሚጮህ ነገር አለ» አሉ ጋሼ።

«ካሴት ስለሆነ ነው ጋሼ። የድሮ ካሴት ያደርጋል።»

«የካሴቱንማ ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ካሴቱ ሽሽሽ ነው የሚለው። ይሄ እምምም ነው የሚለው። ሽሽሽታው ከዘፈኑ ጋር ያልቃል። ይሄኛው ግን ዘፈኑ ካለቀም በኋላ አለ።»

«ጋሼ፣ ገመዱ የሚያስተላልፈው ዲጂታል ነው። አንድና ዜሮ ነው። ወይ ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። የኔትወርክ ገመድ ድምፅ ማበላሸት አይችልም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

የጆሮዋን ነገር ያመጣት ይሄኔ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። «ይሆናል እንግዲህ» አሉና ስኒያቸውን አነሱ። ቤታቸው የገባን እንግዳ ማሳፈር ስለማይወዱ ዝም አሉ እንጂ መልስ አጥተው አይደለም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰውየው የነገሩን እኮ ለባለሙያ ሙሉ መረጃ ነው። ዘፈን ኖረም አልኖረም የማይለወጥ፣ ወፍራም፣ ወጥ ድምፅ። ይህን የሰማ ቴክኒሻን ወዲያው ማሰብ ያለበት የመብራቱን 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ኮረንት ነው። ባልደረባዬ ግን ስለ አንድና ዜሮ የሚያውቀውን ለመናገር ስለቸኮለ አልሰማቸውም።

የሚያናድደው ደግሞ ስለ ዲጂታሉ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ለሁለት ቻናል ነው። ሲባዛ በሴኮንድ 1.4 ሜጋቢት ያህል ይመጣል። ከፍተኛ ጥራት የሚባለው 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ እንኳ ወደ 9.2 ሜጋቢት ቢደርስ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራው የኔትወርክ ገመድ፣ ደህና ከተሠራ፣ 1,000 ሜጋቢት እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። በመንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ቢኖር ተቀባዩ አብሮ በሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር (ቼክሰም) ይለየዋል፣ ይጥለዋል፣ እንደገና ይላክለታል። ስለዚህ «ይህ ገመድ ቤዙን ያወፍራል፣ ያኛው የማሲንቆውን ድምፅ ያጠራል» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን አልቀበልም። ማንም ቢጠይቀኝ አትግዙ ነው የምለው።

ታዲያ በገመዱ ውስጥ ከአንድና ዜሮው ሌላ የሚሄድ ነገር አለ። እሱን ነው ልጁ የዘነጋው።

«ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ተነሳሁ። የሚወዱትን አምባሰል አስከፈትኩ። እምምምታው ከሥሩ ይሰማል። ከዚያ ዘፈኑ እየሄደ ገመዱን ከስትሪመሩ ላይ ነቀልኩት።

እምምምታው በቅጽበት ጠፋ። ዘፈኑ ግን ቀጠለ።

ጋሼ ብድግ አሉ። «ገመዱ ተነቅሎ እንዴት ይዘፍናል?»

ስትሪመሩ ዘፈኑን ቀድሞ እየሳበ በሆዱ እንደሚያጠራቅም ነገርኳቸው። ያጠራቀመው እስኪያልቅ ገመድ አያስፈልገውም። ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ እምምምታው መጣ። ነቀልኩት፤ ሄደ። ጋሼ ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ሰማሽ?» አሏቸው።

«እኔማ ከተዘረጋ ጀምሮ ነው የምሰማው» አሉ እትዬ። እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ቤት የራሱ ኧርዝ፣ ማለትም መብራቱን ከመሬት የሚያገናኝ የደኅንነት መስመር አለው። ኋላ የተቀጠለውን ክፍል ሌላ ኤሌክትሪሻን ሲሠራ ሌላ ዘንግ መሬት ውስጥ ተክሏል። ሁለቱ አልተያያዙም። ኮምፒውተሩንና የስትሪመሩን ገመድ የሚያገናኘው ስዊች ገላው ብረት ነው፤ በአዲሱ ክፍል ኧርዝ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ በሳሎኑ ኧርዝ ላይ ነው፤ ስትሪመሩም በድምፅ ገመድ (አርሲኤ) ከእሱ ጋር ታስሯል። የኔትወርክ ሶኬት በተፈጥሮው እንዲህ ያለውን ነገር ይከላከላል። ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ደረጃው የሚጠይቀው 1,500 ቮልት እንዲችሉ ነው። ዳታው ያልፋል፣ የሁለቱ ክፍል መብራት ግን አይገናኝም። ሺልድ ያለው ገመድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ስለሆነ ትራንስፎርመሮቹን በጎን አልፎ ሁለቱን ኧርዝ ያገናኛል። በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት በሺልዱ በኩል መሄድ ትጀምራለች፣ አምፕሊፋየሩም ያጎላታል። ጋሼ የሰሙት ይህን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሺልድ የሌለው ካት 6 ዩቲፒ። ካት 5ኢም ይበቃ ነበር። እኔ ካት 6 የመረጥኩት ግድግዳ አንዴ ከተበሳ ለነገም ይሁን ብዬ ነው። እዚህ ጋ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ገበያ ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ገመድ ሞልቷል። ባለ 305 ሜትሩን ካርቶን አንሱት፤ ከቀለለ ጠርጥሩ። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መልሱት። አሉሚኒየም ጎንበስ ቀና ሲል ይሰበራል፣ ጫፉ ላይም ሲቆይ ይላላል። ለገመድ የመደባችሁትን ገንዘብ ንጹሕ መዳብ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

አዲሱን ገመድ ከመብራት መስመሩ አርቄ አሳለፍኩት። ጫፎቹን ሁለቱንም «ቢ» በሚባለው የሽቦ ቀለም ቅደም ተከተል መታሁ። የሽቦዎቹን ጥምዝ ጫፉ ላይ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አልፈታሁትም። ተሰካ፣ ተከፈተ፣ ጸጥ አለ።

ጋሼን ግን ሌላ ነገር ጨነቃቸው። «ልጄ ከሰው አገር ገዝቶ የላከውን ነቅዬ ጣልኩት ልበለው?» አሉ። እንደውም ድምፁ የተበላሸው ገመዱ ባይረባ ነው ብለው፣ ከዚያ የባሰ ውድ እንዲልክ ሊነግሩት ነበር። ጆሯቸው ልክ ነበር፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት። «አብሽሩ ጋሼ፣ አይጣልም» አልኳቸው። የልጃቸውን ገመድ ጠቅልዬ በስዊቹና በኮምፒውተሩ መካከል ሰካሁት። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ስለሆኑ ኧርዛቸው አንድ ነው፤ እዚያ ምንም አያደርግም። ገመዱ በየቀኑ ዘፈናቸውን ያሳልፋል። ለልጃቸውም ይህንኑ ነገሩት።

ኤሌክትሪሻን ጠርተው ሁለቱን ኧርዝ በአግባቡ እንዲያያይዙም መከርኳቸው። እምምምታውን ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን ኧርዝ በፕላስተር የሚሸፍን ሰው አይቻለሁ። ድምፁ ይጠፋል፤ ግን አንድ ቀን የዕቃው ገላ ሰው ይይዛል። ይህን በማንም ቤት አላደርግም፣ ሲደረግም ዝም ብዬ አላይም።

ስንወጣ ባልደረባዬ መንገድ ላይ «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ዳታው ላይ ችግር የለም» አለኝ።

«ስለ ዳታው ማንም አልጠየቀህም» አልኩት። «ተመልሰህ ስለ ጆሯቸው ያልከውን ይቅርታ በላቸው።»

«እሳቸው እንደሆኑ አልተቀየሙኝም» አለ።

እንዳልተቀየሙት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህም ጋሼ ስለሱ አንስተውልኝ አያውቁም፤ ሲጠሩን ለሁለታችንም ነው ቡና የሚያስፈሉት። ይቅርታውን ግን እስካሁን አላለም። እኔም ባገኘሁት ቁጥር አነሳበታለሁ።