ከትሲን ስኪፕ ሳላደርግ አራት ወር

ከጓደኞቼ ጋር ስለ ጌም በተነሳ ቁጥር የማያልቅ ክርክር አለን። ታሪኩ ይበልጣል ወይስ አጨዋወቱ? እኔ ሁሌም የአጨዋወት ወገን ነበርኩ። ከአራት ወር በፊት ግን ታሪኩን አንድም ቀን በቅጡ ሳላየው ስፈርድበት እንደኖርኩ ገባኝ። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ከትሲን (ጌሙ መሃል ታሪኩን እንደ ፊልም የሚያሳየው ክፍል) ስኪፕ ማድረግ፣ ማለትም መዝለል፣ የለም፣ አንድ ጌም በጨረስኩ ማግስት ደግሞ ከውስጤ ያልወጣውን ነገር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እስካሁን የደረስኩበት ይሄ ነው።

የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሳን አንድሪያስ በሚባለው የጂቲኤ ጌም ነው። ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ በነበረ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈልን ነበር የምንጫወተው። ሰዓት እየቆጠረበት ማን ቁጭ ብሎ ወሬ ያዳምጣል? ከትሲን ሲጀምር ከኋላ የቆመው ሁሉ "እለፈው! እለፈው!" ይላል። የደረስንበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረን ነገ ስንመጣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ ከብጣሽ ወረቀት እያየን ቺት (ጌሙን የሚያቀል ሚስጥራዊ ኮድ) እናስገባለን፣ ታንክ እናስመጣለን፣ ከፖሊስ ጋር እንታኮሳለን፣ ሰዓታችን ያልቃል፣ ወደ ቤት።

አሁን ዝም ብዬ ሳየው የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ሲጄ አምስት ዓመት ሊበርቲ ሲቲ የሚባል ከተማ ከርሞ ወደ ትውልድ ከተማው ሎስ ሳንቶስ የሚመለሰው እናቱ ሞታ ነው። ከኤርፖርት ታክሲ ይዞ ገና መንገድ ላይ እያለ ፖሊሶች ያስቆሙታል፣ ገንዘቡን ይወስዱበታል፣ የባላንጣ ሰፈር ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በብስክሌት ስናበረው የነበረው ልጅ ሐዘንተኛ ነበር። ይሄን ሳስብ ከልቤ አዘንኩ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከቀብሩ ቦታ ወጥቼ ያገኘሁትን ሰው በመኪና ብገጭ ጌሙ ምንም አይለኝም። ታሪኩ ሲናገር እጄ ስራ ይፈታል፣ እጄ ሲሰራ ታሪኩ ዝም ይላል።

ቀጥዬ ብራዘርስን ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በሦስት አራት ሰዓት የሚያልቅ ጌም ነው፤ የመራው ጆሴፍ ፋሬስ ነው። (ያልተጫወታችሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ተጫውታችሁ ብታነቡት ይሻላል፣ መጨረሻውን እናገራለሁ።) የታመመ አባታቸውን የሚያድን ውሃ ፍለጋ የሚሄዱ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ንግግራቸው የተፈጠረ ቋንቋ ነው፣ ትርጉም ከስር አይጻፍም። ታላቁ በጆይስቲኩ ግራ በኩል ይታዘዛል፣ ታናሹ በቀኝ። ታናሹ እናቱ ውሃ ወስዷት ስለሞተች ዋና ይፈራል፤ ውሃ ባጋጠመ ቁጥር ታላቁ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሻገረው። በኋላ ታላቁ ይሞታል። ግራ እጄ የሚያዘው ነገር አጥቶ ጆይስቲኩ ላይ ተቀመጠ። ታናሹ ብቻውን ሲመለስ ሰፈሩ ሊደርስ ሲል ውሃ ገጠመው። የእሱን በተን ብጫን ብጫን እምቢ። ብዙ ቆይቼ የሟቹን በተን፣ የግራውን፣ ስጫን መዋኘት ጀመረ። ደብተሬ ላይ ስለ ታሪኩ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ግራ ጣቴ ነው።

ሄዲስ የሚባለው ጌምም (እ.ኤ.አ. 2020) በዚሁ መንገድ ገረመኝ። ዋናው ገጸ ባህሪ ዛግሬየስ ከሙታን ዓለም ሊያመልጥ ሲሞክር በሞተ ቁጥር ቤቱ ይመለሳል፣ እዚያ የሚጠብቀው ሂፕኖስ ማን እንደገደለው አንስቶ ያወራዋል፣ ሌሎቹም አዲስ ወሬ አላቸው። በሞትኩ ቁጥር መናደዴ ቀረ፤ ቤት ያሉት ምን እንደሚሉ ለመስማት እጓጓለሁ።

ለአጨዋወት ወገን ግን ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የምንደረድርበት ቴትሪስ አለላችሁ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሰራው ጌም ታሪክ የሚባል ነገር የለውም፣ ዛሬም አንድ ሰዓት ሳላውቀው ያልፍብኛል። ምንም አልጎደለውም። እዚህ ላይ አቋሜ አልተለወጠም።

ባለፈው ቅዳሜ ብራዘርስን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃው ጋ ሲደርስ "ተበላሸ እኮ!" አለኝ። ዝም አልኩት። ጆይስቲኩን አገላብጦ አየው፣ የግራውን በተን ቀስ ብሎ ነካው፣ ከዚያ እስኪሻገር ድረስ አንድ ቃል ሳይናገር ተጭኖ ያዘው።