ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ እል ነበር

በሥላሴ ስም፣ አሜን። ይህን ለመመስከር ቃል ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ስንፍናዬን ይቅር በሉኝ።

ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ ስመለስ ዜብራው ላይ ሚኒባስ ገጨኝ። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን ሳስተካክል ትዝ ይለኛል፤ ሕመሙ ገና አልመጣም። ከዚያ ቀኝ እግሬን አየሁት። ጉልበቴ ወደ ፊት፣ ጣቶቼ ግን ወደ ጎን ዞረዋል። ሹፌሩ እየተንቀጠቀጠ አቅፎ ጫነኝ፤ እውነቱን ለመናገር አልሸሸም።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ "ቁርጭምጭሚትሽ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፣ መገጣጠሚያውም ወልቋል" አለኝ። የወለቀውን ያኔውኑ መለሱት። ኦፕራሲዮኑ ግን እብጠቱ ሳይጎድል አይሆንም ተባለ፤ ያበጠ ቆዳ ላይ ከተቀደደ ቁስሉ አልገጥም ሊል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ያብረቀርቃል። እናቴ ወጌሻ ካልመጣ ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ወጌሻ አጥብቆ አስሮት እጁ የጠቆረ የጎረቤት ልጅ አይቻለሁና እምቢ አልኩ።

ሁለት ልጆች የማሳድገው እንጀራ ጋግሬ ለሱቅ እያስረከብኩ ነው። "የቁልቢው ገብርኤል፣ ምጣዴ ፊት መልሰህ አቁመኝና ደጅህ መጥቼ ጧፍ ላብራ" ብዬ ተሳልኩ። በየጠዋቱ ሐኪሙ ቆዳዬን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ "ገና" ይልና ይሄዳል። በዘጠነኛው ቀን ሲቆነጥጠው እንደ አሮጊት እጅ ተሸበሸበ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እናቴ እልል አለች። ለቆዳ መሸብሸብ እልል ሲባል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት! ብረትና ብሎን ገባልኝ፤ ስድስት ሳምንት መሬት ሳልረግጥ በክራንች ቆየሁ።

የመኪናው ባለቤት ሦስት ሽማግሌ ላከ። "አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ክስ ምን ያደርግልሻል? እኛ እናሳክምሻለን" አሉ። አንድ ጊዜ 8,000 ብር ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተዉ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ "ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ" እላለሁ። የቤት ኪራይ ሲደራረብብኝ ግን ሌሊት አለቅሳለሁ። ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ነው የተውሽው ወይስ ለይሉኝታ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀኑን ነው። "ሁለት ዓመት ሊሞላው 40 ቀን ቀርቶታል፤ ካለፈ ይርጋ፣ የመክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ብለው ይከራከሩሻል" አለች። እኔ ምን አውቄ! የላከኝ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካስ የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት እንኳ አይጠበቅብኝም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ባያጠፋም ይጠየቃል።

የሐኪሞች ቦርድ ቋሚ ጉዳቴን 15 በመቶ ብሎ ጻፈ። የሦስተኛ ወገን መድን፣ መኪናው ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ በዚያ ጊዜ ለአካል ጉዳት የሚከፍለው እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ቀሪውን ባለቤቱ እንዲከፍል ተፈረደ። በኮሮና ምክንያት ችሎት ተቋርጦ ስለነበር ውሳኔው ግንቦት 2013 ደረሰ። ዕዳዬን ከፈልኩ፣ ወደ ምጣዴም ተመለስኩ። ብርድ ሲሆን ብረቱ ይጠዘጥዘኛል፤ አልዋሽም።

ለሕሊና ጉዳት፣ ለጭንቀቴና ለሐዘኔ ማለት ነው፣ ደግሞ 1,000 ብር ተወሰነልኝ። በ1952 የወጣው ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ዳኛው ሲያነቡት ጠበቃዬ አፍራ አቀረቀረች።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ወጣሁ። በዚያች 1,000 ብር ጧፍ ገዝቼ፣ ከዘራዬን ለልጄ አስይዤ፣ ቆሜ አበራሁ።