የጠፋው ውሃና ግማሽ የሞላው ካሬ

ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ፕሮግራም፣ በሣጥን አንድ ጥግ ታግዶ የቆመ ውሃ መከለያው በድንገት ሲነሳ እንዴት እንደሚፈስ የሚያሰላ ነበር። ስሌቱ እስከ መጨረሻው ያለ እንከን ቢሄድም፣ ውሃው ከረጋ በኋላ ከፍታውን ስለካው መጠኑ ከጀመርኩበት ጎድሎ አገኘሁት። ሣጥኑ ዝግ ነው፤ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም።

ውሃውን ያጎደለው፣ ውሃና አየር የሚለያዩበትን ወሰን የተከታተልኩበት ዘዴ ነው። ኦሸርና ሴቲያን እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቁት ሌቭል ሴት፣ ፕሮግራሙ ሣጥኑን በትናንሽ ካሬዎች በከፈለበት ፍርግርግ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ከውሃው ገጽ ምን ያህል እንደሚርቅ ይይዛል፤ ርቀቱ በውሃው በኩል ኔጌቲቭ፣ በአየሩ በኩል ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ራሱ ገጹ ነው። ሐሳቡ እጅግ ውብ ነው፤ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ወይም ጠብታ ሲገነጠል የተለየ ሥራ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በቀመሩ ውስጥ የውሃውን መጠን የሚጠብቅ ነገር ስለሌለ፣ ከአንድ ካሬ ያነሱ ጠብታዎችና ስስ የውሃ ንጣፎች ቀስ በቀስ ይጠፋሉ።

ስለዚህ ኸርትና ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወዳቀረቡት ቮሉም ኦፍ ፍሉይድ ዞርኩ። እዚህ የእያንዳንዱ ካሬ ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ በቁጥር ይያዛል፤ 1 ሙሉ ውሃ፣ 0 ሙሉ አየር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ደግሞ ወሰኑ በዚያ ካሬ እንደሚያልፍ ያመለክታል። ከአንዱ ካሬ የወጣው ወደ ጎረቤቱ ስለሚገባ ውሃው አይጎድልም፤ ለእኔ ይህ ከማንኛውም ውበት ይበልጣል። ችግሩ 0.5 የሚለው ቁጥር ውሃው በካሬው ውስጥ እንዴት እንደሰፈረ አለመናገሩ ነው፤ ከታች ተኝቶ፣ የግራውን ጎን ተደግፎ ወይም በሰያፍ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። መልሱ ከጎረቤቶቹ ይገኛል። በስተግራው 0.8፣ በስተቀኙ 0.2፣ ከሥሩ 1፣ ከላዩ 0 ከሆነ፣ ገጹ ወደ ቀኝ አዘቅዝቋል ማለት ነው፤ መስመሩ የካሬውን ግራ ጠርዝ በ0.65፣ ቀኝ ጠርዙን በ0.35 ከፍታ ላይ ሲያቋርጥ፣ ከሥሩ የሚቀረው ውሃ ልክ 0.5 ይሆናል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የውሃ እፍጋት በሜትር ኩብ 1000 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የአየር ግን 1.2 ብቻ ነው። ወሰኑ በአንድ ካሬ ከሳተ፣ ፕሮግራሙ በዚያ ያለውን አየር ከ800 ጊዜ በላይ አክብዶ ያሰላዋል።

አሁን ውሃው አይጎድልም። የቀረኝ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም የውሃው ገጽ ራሱን ለማጥበብ የሚሳብበት ኃይል ነው፤ የመሬት ስበት በሌለበት የተቀመጠ ጠብታ ጸጥ ብሎ መቆም ሲገባው፣ በዳርቻው ትናንሽ ሽክርክሪቶች ይነሳሉ፤ ኃይሉ የሚወሰነው በገጹ ጉብጠት ሲሆን፣ ጉብጠቱ የሚሰላው በአንድ ወይም በሁለት ካሬ ውስጥ ከ0 ወደ 1 ከሚዘል ቁጥር ነውና። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት፣ ቁጥሮቹን በየአምዱ ደምሮ የውሃውን ከፍታ ማውጣት፣ ከዚያም ጉብጠቱን ከከፍታዎቹ ማስላት ነው። ከላይ ባየናቸው ሦስት አምዶች ከፍታው በእኩል 0.3 እየወረደ ስለሚሄድ ጉብጠቱ ዜሮ ይወጣል፤ ገጹ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው።