የሁለተኛው አጋማሽ ልጅ

«ልጄ የሁለተኛ አጋማሽ ተጫዋች ነው» ብዬ ያላወራሁለት ሰው የለም። ለወንድሜ አውርቻለሁ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አውርቻለሁ፣ በየቅዳሜው ከሜዳው ዳር አብረውኝ ለሚቆሙት ወላጆች እስኪሰለቻቸው ድረስ አውርቻለሁ። «ሞተሩ እስኪሞቅ ነው እንጂ፣ ከእረፍት በኋላ እዩት» እላቸው ነበር። ውሸትም አልነበረም። ከእረፍት በፊት ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ እንደ ትኩስ ነገር ቶሎ ይጥላታል፤ ከእረፍት በኋላ ያው ልጅ አብዶ ይሠራል፣ ሁለት ሰው አልፎ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የተፈጥሮው ነገር አድርጌ ቆጠርኩት። እንዲያውም በኔ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቶሎ አልነቃም።

ትናንት ምክንያቱን አወቅሁት።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። ጨዋታዎቹ ሁሉ የሚደረጉት አንድ ሜዳ ላይ ነው፤ ወላጆች በአንዱ ዳር፣ አሰልጣኞቹና ተቀያሪዎቹ በማዶ ይቆማሉ። ደንቡ ጎል በዕጣ ይመረጥ ቢልም በዚህ ዕድሜ ዕጣ ለማውጣት የሚጨነቅ የለም፤ የኛ ቡድን ሁልጊዜ ያሟሟቀበትን ጎል ይዞ ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው አጋማሽ ቀኝ ክንፉ የሚመላለሰው እኛ አፍንጫ ሥር ነው። ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ ወደ ማዶ ይሻገራል። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ከ«ሞተሩ» ጋር አላገናኘሁትም።

ትናንት ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የወላጆች ዳር ጭቃ ሆኗል። አዘጋጆቹ ወደ ማዶ አሻገሩንና አሰልጣኞቹን ወደኛ ቦታ ወሰዷቸው። ጨዋታው ሲጀመር ልጄ ከኔ የሜዳውን ስፋት ያህል ርቆ ነበር። ምን ልበል፣ በረረ። ተከላካዩን በአንድ አብዶ ጥሎት ገባ፤ ያሻገራት ኳስ ጎል ሆነች። አጠገቤ ለነበረው አባት «ዛሬ ደግሞ ቶሎ ሞቀ» አልኩት፤ ሰውየው ጨዋ ነውና ዝም አለኝ። እረፍት ሆነ፣ ጎል ተቀያየሩ፣ ልጄ ወደኛ ዳር መጣ።

ሞተሩም ቀጥ አለ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ወደሱ ስትመጣ በደንብ አየሁት። ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ቀና ብሎ አየ። የሚያየው ኳሷን አልነበረም፤ ተከላካዩንም አልነበረም። እኔን ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔም እንደ ልማዴ «ሩጥ!» አልኩ። ሊሮጥ ሲል ተከላካዩ ሲዘጋበት «አቀብል!» አልኩ። ሊያቀብል እግሩን ሲያነሳ «ጠብቅ፣ ጠብቅ!» አልኩ። ኳሷ ተነጠቀች። ከዚያ ደግሞ ምን አልኩ? «ምነው ቶሎ ብትወስን!»

ማታ ቁጭ ብዬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጮህኩትን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሩጥ፣ ምታ፣ አቀብል፣ ያዛት፣ ልቀቃት፣ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ለምን ተመለስክ። እርስ በርሱ የማይጣላ ትእዛዝ የለበትም። ደግሞ ከዳር የቆመ ሰው ክፍተቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። እኔ አይቼ፣ ጮኼ፣ ድምፄ ደርሶት፣ ሰምቶ እስኪፈጽም ክፍተቱ ተዘግቷል። ልጁ በራሱ ዓይን ያያት ሌላ ክፍተት ነበረች፤ እሷም በዚያው ጠፋች። በዚያ ላይ አሰልጣኙ ከማዶ ሌላ ነገር ይለዋል። ከሁለቱ የትኛውን ይስማ? ማታ አብሮት ቤት የሚገባው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የኔን ይሰማል።

የዳኛውንም ነገር ካልጻፍኩ ማስታወሻው ጎዶሎ ነው። ዳኛው ራሱ ልጅ ነው፤ ቢበዛ 16 ዓመት ቢሆነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቹ ከእጅ ውርወራ ኳስ ተቀብለው አገቡብን። አግቢው ከተከላካዮቻችን ሁሉ አልፎ ብቻውን ነበር። «ኦፍሳይድ! አንተ ልጅ፣ ዓይንህ የት ነው!» አልኩ፤ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። ልጁ መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረበትም። ግን በሩጫ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከጎል ምትና ከማዕዘን ምት በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ አይባልም። ሰላሳ ዓመት ኳስ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁም። በጩኸት መሀል ግን የማውቀውም ጠፋኝ። ልጄ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የታኬታውን ክር ማሰር ጀመረ። ከጎሉ ይልቅ ያቺ ክር ናት ያቃጠለችኝ።

ለፍትሕ ያህል፣ ከኛ ዳር የሚጮኸው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ወላጅ ዝም ብሎ ያያል ወይም ስልኩን ያያል። ለሁለቱም ቡድን የሚያጨበጭቡ አንዲት አያት አሉ፤ ውጤቱ ግድ የሚላቸው አይመስለኝም። ለልጁ በየጎሉ ገንዘብ ቃል የሚገባ አባትም አለ፤ ልጁ ለማንም አያቀብልም፤ በሒሳብ ካየነው ትክክል ነው። እኔ ራሴን ከደህናዎቹ እመድብ ነበር፤ ተሳድቤ አላውቅማ። የምነጻጸረው ደግሞ ሁልጊዜ ከከፉት ጋር ነው። የቴኒስ ተጫዋቿ የሜሪ ፒርስ አባት እ.ኤ.አ. በ1993 በጠባዩ ምክንያት ከሴቶች ቴኒስ ውድድሮች እንዳይገባ ታግዶ ነበር፤ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ለማለት የሚመች ሰው ነው። እንደዚያ አለመሆን ግን ቀላል ፈተና ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌላ አገር ምን እንደሚያደርጉ ሳነብ አመሸሁ። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀ የሕፃናት መብት በስፖርት የሚባል ሰነድ አለ፤ 11 ዓመት ለማይሞላቸው ልጆች የደረጃ ሠንጠረዥ አይወጣም፣ ከ13 ዓመት በታች ደግሞ አገር አቀፍ ሻምፒዮና የለም። ጥሩ ነው፤ ለኔ ግን ብዙም አይፈይድልኝም። እኔ ሠንጠረዥ አይቼ አልጮህኩም፤ ሠንጠረዥ ባይኖርም እጮሃለሁ። የጀርመኖቹ ነው ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። ፌርፕሌይ ሊጋ በሚሉት የትናንሽ ልጆች ጨዋታ ዳኛ የለም፤ ጥፋቱን ልጆቹ ራሳቸው ይወስናሉ። የሁለቱም ቡድን አሰልጣኞች አንድ ቦታ አብረው ይቆማሉ። ወላጆች ደግሞ ከሜዳው 15 ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚያዩት። አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ስለ ጠባይ ትምህርት ሳይሰጡ በሜትር ለኩት። ቆይቼ ሳስበው እኔን ያወቀ ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ጎበዝ ያደረገው ከኔ እስከ ማዶ ያለው ርቀት ነበር።

ከሜዳ ስንመለስ መኪና ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ጉድ ነው። ብዙ ጊዜ ቀበቶ ሳላስር ትንተና እጀምራለሁ። «ሦስተኛዋን ኳስ ታስታውሳለህ?» እለዋለሁ። እሱ አንዱንም አያስታውስም፤ መስኮት ያያል። ትናንት ግን ዝም አልኩ። ጥበብ ሆኖ አይደለም፤ የዳኛው ነገር አሳፍሮኝ ነው። መንገዱን አጋምሰን ሳለ እሱ ራሱ ማውራት ጀመረ፤ የተጋጣሚው በረኛ ጓንቱ እንዴት እንደሚሰፋው፣ አንዱ ጓደኛው ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደወደቀ፣ ማን ማንን እንዳሳቀ። እኔ ካየሁት ጨዋታ ጋር የሚገናኝ አንድም ነገር የለበትም። ልንደርስ ስንል ጠየቀኝ፦

«አባዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በየት በኩል ነው የምትቆመው?»

«የት ብቆም ይሻልሃል?» አልኩት።

ብዙ አሰበበት። «መምጣትማ ና» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይዞ ሲወጣ ተከተልኩትና የጀርመኖቹን ነገር ነገርኩት። ሐሳቡን ወደደው። እሱ ኳሱን ረግጦ ቆመ፤ እኔ 15 እርምጃ ቆጥሬ ዞርኩና እንደ ልማዴ «ሩጥ!» አልኩ።

«ይሰማል» አለ።

አምስት ጨመርኩ። ይሰማል። አምስት ደግሜ ጨመርኩ። አሁንም በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» ይለኛል። አርባኛው ላይ ስደርስ አፌን ከፍቼ ጮህኩ፤ ጆሮውን በእጁ አስደግፎ አዳመጠና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። የሰማኝ ይሁን ያልሰማኝ እንጃ። ኳሷን ይዞ ሲሮጥ አየሁት።